የሞተውና ያልሞተው ነቀዝ

የነፍሳት ተመራማሪው ዶክተር መስፍን የፖሊስ መርማሪ አሸብርን የሰደበው መስከረም አንድ ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በራጉኤል ንግሥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። አሸብር ቦርሳውን ሊፈትሽ ሲል፣ «ሰባተኛ ክፍል የወደቀ ሰው ጥንዚዛዎቼን አይነካም!» አለው። ሰው ሳቀ። የእህል ነጋዴው ሰብሐትም አብሮ ሳቀ።

ዛሬ ሰብሐት እህል በረንዳ ገበያ፣ ከመጋዘኑ በላይ ለመስፍን ባከራየው ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተዘርግቷል። አጠገቡ የነቀዝ መግደያ ክኒን ጋዝ ሆኖ ሲያልቅ የሚተወው አመድ ተበትኗል። ሬሳውን ያየው ሐኪም፣ የገደለው ጋዝ ነው ብሏል። መስፍን በካቴና ታስሯል። አሸብር ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማውም።

የሟቹ ሚስት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ባለቤትዎ ከመስፍን ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ነቀዝ እያረባህብኝ ነው፣ ውጣልኝ ይለው ነበር። እንባ እንኳ አልመጣልኝም፣ ልጄ።»

ጎረቤት ነጋዴው ጣሰው በር ላይ ነበር።

«ጋሼ ጣሰው፣ በእርስዎስ መጋዘን ክኒን አለ?»

«ካስገባሁ ዓመት አልፎኛል! ቁልፉም ከኪሴ አይወጣም። ለነቀዝ ትምህርት ቤት የከፈተውን ሰውዬ ጠይቅ!»

አሸብር ወደ መስፍን ዞረ። «ምንድነው የምታጠናው?»

«ጥንዚዛን በየወገኑ እለያለሁ፤ ማን ከማን እንደወረደ፣ በምን እንደተለወጠ። ነቀዝም ጥንዚዛ ነው። ባለ ኩምቢው፣ አፉ እንደ ዝሆን የረዘመው፣ አንድ ወገን፤ ቀዩ ጠፍጣፋው ሌላ። የዚህን ሰፈር ቀዩን ክኒን አይገድለውም።»

«ለምዶት?»

«ደካማው ይሞታል፣ የተረፈው ይወልዳል። ከብዙ ትውልድ በኋላ የሚቀረው የማይሞተው ዘር ነው። ባለ ኩምቢው ገና እዚያ አልደረሰም፤ ጋዝ ካገኘው አለቀለት።»

አሸብር በጨርቅ ብቻ የተሸፈኑትን የመስፍንን የነቀዝ ብልቃጦች ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ። ከዚያ የጣሰውን መጋዘን ቁልፍ ተቀብሎ ወረደ። ሲመለስ መዳፉ ላይ ስንዴ ነበር። ሦስቱንም ጠራቸው።

«እዚህ ክፍል ጋዝ አልገባም» አለ። «ጨርቅ ጋዝ አያግድም፤ ብልቃጥ ውስጥ ያሉት ባለ ኩምቢዎች ግን ይኸው ይሄዳሉ። የጋሼ ጣሰው ስንዴ ውስጥ ባለ ኩምቢው አልቋል፣ የነቀዞቹ ሬሳ ገና አልደረቀም፤ ጋዙ የገባው በቅርቡ ነው። የሚርመሰመሰው ቀዩ ብቻ ነው። ሰብሐት የሞተው እዚያ ነው። እዚህ አምጥተው አመዱን በተኑበት።»

«መስፍን ራሱ ቢያመጣውስ?» አለ ጣሰው።

«ቁልፉ ከኪሴ አይወጣም ያሉት እርስዎ ነዎት። አመዱን የበተነው መስፍን ቢሆን ደግሞ፣ ጋዝ እዚህ የገባ እንዲመስል ባለ ኩምቢዎቹን ቀድሞ በገደላቸው ነበር። እርስዎ ስንዴዎ ውስጥ ነቀዝ ሲንቀሳቀስ አይተው፣ ሁሉም ነቀዝ አንድ ነው፣ ጋዝ መግባቱ አይታወቅም ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።»

ጣሰው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ሰብሐት፣ ጣሰው ስንዴ ውስጥ አሸዋ ይቀላቅላል ብሎ ለበረንዳው ሁሉ ሊነግርብኝ ነበር። አሸዋውን ሊያይ መጋዘኔ ገባ፤ ክኒኑ ውስጥ ነበር፤ ቆለፍኩበት።»

«ትናንት ምሳ አብራችሁ በላችሁ» አሉ ፋንታዬ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ፖሊሶች ገብተው ጣሰውን ወሰዱት። መስፍን የተፈታ እጁን እያሻሸ አሸብርን ደረጃው ላይ ደረሰበት።

«ከሰደብኩህ በኋላ እኔን አስረህ መሄድ ትችል ነበር። ማንም ምንም አይልህም። ለምን አልሄድክም?»

አሸብር ቆቡን ደፋ። ጆንያ ባዘሉት ተሸካሚዎች መሃል ትከሻውን አሹልኮ ወደ አስፋልቱ ወጣ።