የቤርሳቤህ ተማሪ

ዮፍታሔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት አዛውንት አዝሎ ወደ ካቶሊክ ሲስተሮቹ ክሊኒክ ሲመጣ፣ ነርሷ ቤርሳቤህ ሦስተኛው ላይ ዝም ማለት አቃታት።

«ይቅርታ ግን፣ ስንት አያት ነው ያለህ?»

«እስካሁን አሥራ አንድ» አለ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «አንዷ ግን አልታዘልም ብለዋል። እሳቸውን በወንበር ነው የማመጣቸው።»

ቤርሳቤህ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ልጁ የሰፈሩ ኦርቶዶክስ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ኃላፊ ነበር፤ ታክሲ ከማይገባባቸው የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቅያሶች ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን እየተሸከመ ወደ ካቶሊክ ሲስተሮቹ ያመጣል። ኦርቶዶክሶቹ ጀርባ አላቸው፣ ሲስተሮቹ መድኃኒት አላቸው። በዚህ ጉዳይ ማንም ጉባኤ አልጠራበትም።

ውሎ አድሮ ዮፍታሔ ጀርባው ላይ ማንንም ሳይዝ መምጣት ጀመረ።

«ዛሬ ማንን አመጣህ?»

«ራሴን።»

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

ዓይን ዓይኗን እያየ ፈገግ አለ። እሷም የያዘችውን ካርድ ገልብጣ ማንበብ ጀመረች። አንዷ ሲስተር ከመድኃኒት ክፍሉ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

ዓመት ሳይሞላ ስለ ጋብቻ ማውራት ጀመሩ። ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። የቤርሳቤህ ቤተሰቦች ከጉራጌ አገር የመጡ ካቶሊኮች ናቸው። አባቷ አቶ ፍሰሐ «ልጁ ሰው ይመስላል፣ ሽማግሌ ይላክ» ብለው ጨርሰዋል። የቀሩት የዮፍታሔ እናት ብቻ ነበሩ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞቱ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ለብቻቸው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«እማዬ ሳትመርቀኝ አላገባም» ሲላት ቤርሳቤህ አልተቀየመችም። እንዲያውም የበለጠ ወደደችው።

ክሊኒኩ አንድ ደንብ አለው፤ ሠራተኛ ሁሉ ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በግቢው ትምህርት ቤት ጎልማሶችን ፊደል ያስተምራል። ከቤርሳቤህ አሥራ አራት ተማሪ እናቶች መካከል አንዷ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ይመጡና የመጨረሻው ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ጥያቄ የሚመልሱት በሹክሹክታ ነው፤ ሁልጊዜም ትክክል ናቸው።

«እማማ፣ እርስዎ ኦርቶዶክስ አይደሉ? በደብርዎም እኮ ያስተምራሉ» አለቻቸው አንድ ቀን።

«እዚያማ ሁሉም ያውቀኛል! አርባ ዓመት ሙሉ ዳዊት ገልጬ ስቀመጥ የማነብ ነው የሚመስላቸው። የምደግመው በቃሌ ነው፣ ልጄ። ዛሬ ተነሥቼ ሀ ሁ ብል ምን ይሉኛል? የወለድኩት እንኳ አያውቅም። አደራሽን።»

በአንድ እሑድ ዮፍታሔ ከእናቱ ሊያስተዋውቃት ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ይዟት ወጣ።

«እናቴ፣ ወይዘሮ ሠርካዲስ» አለ በሩ ሲከፈት።

በሩ ላይ የቆሙት ወለተ ሥላሴ ነበሩ። ለካስ የተመዘገቡት በክርስትና ስማቸው ኖሯል። የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ። ቤርሳቤህ ግን ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ዮፍታሔ ግን ምንም ስላልገባው እናቱን ማሞገስ ያዘ።

«እማዬ እኮ ዳዊቷን ሳታነብ ቁርስ አትቀምስም። እስቲ አንዷን አንብቢላት!» ብሎ መጽሐፉን አቀበላቸው።

ሴትዮዋ መጽሐፉን ሳይገልጡ ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«አይሆንም!» አለች ቤርሳቤህ ፈጠን ብላ። «ጸሎት የእግዜርና የእሳቸው ነው። እንግዳ ፊት ምን ያደርጋል?»

በማግስቱ ዮፍታሔ ፊቱ ጠቁሮ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመ።

«በሃይማኖት አንድ ካልሆናችሁ አልመርቅም አለች። ትናንት ጠዋት እኮ እሺ ብላኝ ነበር!»

ቤርሳቤህ እውነተኛውን ምክንያት አውቃዋለች። መምህርቷ ምራት ሆና ከገባች የአርባ ዓመቱ ምስጢር አንድ ቀን ይወጣል፤ ወይዘሮ ሠርካዲስን ያስፈራቸው ይኸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ለዮፍታሔ ሁሉም ይገለጥለት ነበር። አደራ ነውና ዋጠችው። እሱ ከሄደ በኋላ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ገብታ አለቀሰች።

ያን ዕለት የመጨረሻው ዴስክ ባዶ ነበር። ሐሙስም እንደዚያው። ወይዘሮ ሠርካዲስ ገና ቃል መገጣጠም እንደ ጀመሩ ማቋረጣቸው ቤርሳቤህን ከራሷ ነገር ባልተናነሰ አንገበገባት። በትልልቅ ፊደላት አንዲት ወረቀት ጽፋ፣ አጣጥፋ፣ በወይዘሮ ሠርካዲስ ሕንፃ ላይ ለሚኖሩት የክፍል ጓደኛቸው ለወይዘሮ ወርቅዬ ሰጠቻቸው።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ወረቀቱን እንዲያነብላቸው ማንንም መጠየቅ አይችሉም። ጣታቸውን እያስከተሉ ለብቻቸው አነበቡት። «እማማ ይምጡ። ጋብቻው ቢቀርም ትምህርቱ አይቅር።» በሕይወታቸው ያነበቡት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ የክፍሉ በር ተከፈተ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ገቡ። ከኋላቸው ግራ የተጋባው ዮፍታሔ ነበር።

«አንተ እዚያ ተቀመጥ» ብለው የመጨረሻውን ዴስክ አሳዩት። ጉልበቱን አጣጥፎ እንደምንም ገባ።

ጠመኔ አነሡ። ሰሌዳው ላይ መስመሩ ወደ ታች እየተንሸራተተባቸው፣ አንዱን ፊደል አጥፍተው ደግመው እየጻፉ፣ ረጅም ጊዜ ወሰዱ።

«ልጄ፣ ማንበብ አልችልም ነበር። መምህሬን አግባ።»

ዮፍታሔ ሁለት ጊዜ አነበበው። ዓይኑን እንባ ሞላው። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነዋ! የራሴን ፍርሃት በሃይማኖት ሸፍኜ ልጅቷን በደልኳት። እሷ ግን በአንዲት ቃል አላጋለጠችኝም።» ወደ ቤርሳቤህ ዞሩ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የምንጋባው፣ እማማ?» አለች ቤርሳቤህ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«እሱን አባቶች ይጨነቁበት፣ ሥራቸው ነው! የእኔ ሥራ መመረቅ ነው።»

ዮፍታሔ ከዴስኩ ወጥቶ የእናቱን እጅ ሳመ። ከዚያ ቤርሳቤህን ትክ ብሎ አያትና፣ ጠመኔውን ተቀብሎ ከእናቱ ጽሑፍ ሥር ሁለት ፊደል ጻፈ።

ቤርሳቤህ «አንብቡ» ልትል አፏን ስትከፍት አልጠበቋትም። አሥራ አራቱ እናቶች በአንድ ድምፅ፣ ያለ መምህር አነበቡት፦

«እሺ!»