ለነሲባ የመጣው ቀይ ክር

እትዬ አይናዲስ በጥልፍ ቤታቸው ምንጣፍ ላይ ተኮማትረው ሞተው ሲገኙ፣ ነሲባ ያቀበለቻቸው የሻይ ብርጭቆ አጠገባቸው ነበር። ጎረቤቱ ለመፍረድ ከዚያ በላይ አልፈለገም። የአራዳ ዘበኞች መርማሪ ባሻ ገብረትንሣኤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር እስኪደርሱ ድረስ አንድ ዘበኛ የነሲባን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ቆየ። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«ንጹሕ ብትሆን ለምን ትንቀጠቀጣለች?» አለ ዘበኛው።

«እጁ የተንቀጠቀጠ ሁሉ ከታሰረ፣ የአራዳን ጠጅ ቤት አስረህ አትዘልቀውም» አለች ለተሚካኤል፣ ከጥልፍ ሠራተኞቹ አንጋፋዋ። «ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንዲሁ ናት።»

እውነቷን ነበር። ደጋፊ ያጡ ሴቶችን ሰብስበው ካባና ቀሚስ የሚያስጠልፉት እትዬ አይናዲስ፣ ነሲባን ሲቀበሏት ምንም አልጠየቋትም። ቀይ ክር ሰጥተው «አትናገሪ፤ ዝም ብለሽ ጥለፊ» አሏት። መርፌው ጨርቁን ሲወጋ እጇ ረጋ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዋም እረፍቷም ያ ጨርቅ ነበር።

ባሻ ተንበርክከው የሟቿን ፊት አዩ። የእትዬ አይናዲስ ከንፈር ላይ ቀይ ነገር አለ።

«ደም ነው?» አለ ዘበኛው።

«ቀለም ነው። የብርጭቆው አፍ ግን ንጹሕ ነው። ከዚህ ሻይ ሌላ የቀመሰ አለ?»

«እኔ» አለች ለተሚካኤል። «ከዚያው ብርጭቆ የተረፋቸውን ጨለጥኩት። ይኸው ቆሜያለሁ።»

«እሳቸው በቀይ ክር ይሠሩ ነበር?»

«በአረንጓዴ ነው። ቀዩ የነሲባ ነው።»

ባሻ ዓይናቸውን ወደ መርፌ ትራሱ መለሱ። ቀይ ክር የገባባቸው መርፌዎች ተደርድረው ተሰክተዋል። «እነዚህንስ ማን አዘጋጀ?»

«እሳቸው ናቸው» አለች ነሲባ። «እጄ ቀዳዳውን ይስታል። ጧት ጧት ክሩን በምራቃቸው እያረጠቡ ያስገቡልኛል።»

«ክሩ መርዝ ከነበረበት ምሬቱ አልተሰማቸውም?»

«አዲስ ክር መቼም ይመራል፣ ባሻ። ተፍተን እንቀጥላለን» አለች ነሲባ።

«ማን አመጣው?»

«ዘይኑዲን፣ የነሲባ ባል ወንድም» አለች ለተሚካኤል። «አራዳ ክር ይሸጣል። ባሏ የተወላትን ቤት ልቀቂ እያለ ሲጨቀጭቃት ከርሞ፣ ትናንት ‹ይህ ለነሲባ ብቻ› ብሎ ሰጠን። ልቡ የራራ መስሎን መረቅነው።»

አስከሬኑ ለግንዘት ከተወሰደ በኋላ ባሻ ሁሉንም ሰበሰቡ፤ ዘይኑዲንም ተጠርቶ መጣ። መርፌና አረንጓዴ ክር አቀበሉት።

«ዓይኔ ደክሟል። እስቲ አስገባልኝ።»

ዘይኑዲን ጫፉን ላስ አድርጎ በአንድ ጊዜ አስገባው።

«ይህንንም።» ቀዩ ነበር።

ክሩን በጣቶቹ መካከል ፈተለው። ተበተነበት። ደግሞ ፈተለው። ግንባሩን አላበው።

«ምራቅህ አለቀ እንዴ?» አሉ ባሻ። «ሻዩ ንጹሕ እንደሆነ ለተሚካኤል ምስክር ናት። በአረንጓዴ የሚሠሩት ሴትዮ አፍ ውስጥ ቀይ ክር የገባው ለነሲባ ሲሉ ነው። ለነሲባ ብቻ ብለህ የሰጠኸውን ክር ደግሞ አንተ ራስህ ወደ ከንፈርህ ማቅረብ ፈራህ። ሰውነታቸው የተኮማተረው እንደ ተመረዘ ውሻ ነው፤ በውሻ መርዝ ነክረኸዋል። ሁሉም የራሷን ክር የምታስገባ መስሎህ ነበር፤ በዚህ ቤት ግን እጇ ለከዳት ሌላዋ ታስገባላታለች።»

«ቤቱ የአባቴ ነው» አለ ዘይኑዲን። ዘበኛው የነሲባን ክንድ ለቆ የእሱን ያዘ።

ባሻ የመርፌ ትራሱን በጨርቅ ሲጠቀልሉ ነሲባ ጠጋ አለች።

«አንዷን መርፌ ብቻ ይተዉልኝ። እትዬ ለእኔ ያስገቧት ናት።»

«መርዝ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ባሻ ትራሱን ይዘው ወጡ።

ለተሚካኤል ሌላ ጥቅል ፈትታ የክሩን ጫፍ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። ቆመች። ውሃ አስመጥታ ጣቷን ነከረች፣ ክሩን አረጠበች፣ አስገብታም ሰጠቻት። ማንም አልወቀሳትም።

ነሲባ ያልተጨረሰውን ካባ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። መርፌውን ወጋች። ሴቶቹ ሁሉ እጇን ያዩ ነበር።

አልረጋም።