ግራዝማች ሉላ

«በድልድዩ አታሻግሪያቸው፤ ያልቁብሻል።»

ሉላ ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና አለች። ከባንኮኒው ማዶ አንድ ረዘም ያለ ወጣት መንጃ ፈቃዱን በእጁ ይዞ ቆሟል። ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ደንበኛ ነው፤ ዓይኑ ግን ያለው ስክሪኗ ላይ ባለው የጦርነት ጨዋታ ላይ ነው።

«ሌላ መሻገሪያ የለም» አለችው። ለማታውቀው ሰው እንዲህ መመለሷ ራሷንም ገረማት።

«ወደ ታች ወረድ ሲባል ወንዙ ይሳሳል።»

እልህ ያዛትና በድልድዩ አሻገረቻቸው። ሁለት መቶ ቀስተኞቿ ደቂቃ ሳይሞላ አለቁ። ወጣቱ አልሳቀም፤ «ነግሬሽ ነበር»ም አላለም። መንጃ ፈቃዱን አቀበላትና፣ ሰዎቹን ያጣው እሱ ራሱ ይመስል፣ ኮፒው እስኪወጣ ዝም ብሎ ጠበቀ። ሉላ ያንን ዝምታ ወደደችው።

ስሙ ሮሪሳ ነው። የአጎቱን የጃለታን ባጃጅ ይነዳል። ጠዋትና ከሰዓት ተማሪዎች ያመላልሳል፤ በመሀል ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያገኘውን ይጭናል። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ ቦታው የቤተሰቦቹ እርሻ ነበር። «የኛ አውድማ አሁን ሱፐርማርኬት ነው» ይላል፣ ስለ ሌላ ሰው አውድማ እንደሚያወራ ሁሉ።

የሉላ አባት አቶ በዛብህ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ሳሪስ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኮሌጅ ስትጨርስ፣ አቃቂ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ኮፒ ማሽንና ሁለት ኮምፒውተር ያለው ቤት ከፈቱላት። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተው አብረዋት ይዘጋሉ። ቀኑን ሙሉ ግን ቤቱ የሷ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ትጫወታለች።

ጨዋታው በእንግሊዝኛ ረጅም ስም አለው፤ ተጫዋቾቹ «ዙፋን ሁለት» ብቻ ነው የሚሉት። በመጀመሪያው «ዙፋን» ከላይ ሆኖ ሠራዊት ማዘዝ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሲወጣ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ሺህ በሺህ የሚገጥም ጦር አለ፤ በዚያ ጦር መሀል ደግሞ አንድ የራስህ ሰው አለ። ስም ታወጣለታለህ፣ ከባላገር ጋር ያወራል፣ ቃል ይገባል፣ ይቆስላል፣ ያረጃል። ከሞተ አይመለስም።

ሮሪሳ የመጀመሪያውን ከዳር ዳር ጨርሶታል። ሁለተኛውን የሚችል ኮምፒውተር ግን የለውም።

«ያኛው ኮምፒውተር ቀን ቀን ሥራ ፈት ነው» አለችው ሉላ፣ በሦስተኛው ቀን ያለ ምንም ኮፒ ብቅ ሲል።

ከዚያ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱ ጭር ሲል ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይገባል። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በገመድ አገናኘቻቸውና አንድ መንግሥት ለሁለት መግዛት ጀመሩ። የሱ ሰው ፈረሰኛ ነው፤ በጥንቱ ደንብ የፈረስ ስም አወጣለትና «አባ ዝናብ» አለው። የሷ ደግሞ ብርቄ የምትባል ቀስተኛ ናት።

«አባ ዝናብ ለምን ሚስት የለውም?» ትለዋለች።

«ጦርነት ላይ ነው።»

«ጨዋታው ማግባት ይፈቅዳል እኮ።»

«እሱ ይፈቅዳል» ይላል። ሁለቱም ስክሪናቸው ላይ ያፈጣሉ። ስክሪኑ ላይ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። እጁን አንድ ቀን ነካችው፤ ሌላ ቀን እሱ ያዛት። በዚያ ሁሉ ደስታ ውስጥ ግን ሉላን አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር።

ሮሪሳ ጎበዝ ነው። መሀሉን እንደ ግንብ ያቆመዋል፣ ቀኙን እንደ ጅራፍ ያወናጭፈዋል። ጦሩ የሚሰበረው ሁልጊዜ በግራ ነው። ጠላት ከግራ ሲመጣ አንገቱን እንኳ አያዞርም። መጀመሪያ ስልት መሰላት፤ ቀጥሎ ቸልተኝነት። አንድ ቀን ሻይ አምጥታ በግራው አስቀመጠችለት። በክንዱ መትቶ ጣለውና በድንጋጤ ብድግ አለ።

«መቼ ነው ያስቀመጥሽው?»

«አሁን። እያየኸኝ።»

በነጋታው የባጃጁን ጎን አየችው። ቀኙ እንደ አዲስ ያበራል። ግራው ከፊት እስከ ኋላ ተፋፍቆ፣ አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። 

ልትፈትነው ወሰነች። የራሷን ፈረሰኞች፣ ቀይ ባንዲራ ያነገቡ ሦስት መቶ ሰዎች፣ በግራው በኩል በገላጣ ሜዳ ቀስ አድርጋ አሳለፈቻቸው። ሮሪሳ እስክሪፕቶ በአፉ ነክሶ መሀሉን እያየ ነበር። ሦስት መቶው ጎኑ ደርሰው ሲቆሙ እንኳ አላያቸውም።

«ሮሪሳ» አለችው። «በግራ በኩል አታይም።»

«በጨዋታ ነው?»

«በዓይንህ።»

እስክሪፕቶውን ከአፉ አወጣ።  ሊክድ ይችላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልካደም። ይህ ይበልጥ አስፈራት።

«አባቴም እንደዚህ ነበር» አለ። «መጨረሻ ላይ በር እየዳሰሰ ነበር የሚወጣው። እንዲህ ነው የጀመረው፤ አያምም፣ አይታወቅም። ዓመት ሆኖኛል።»

«ዓመት ሙሉ ተማሪ ጭነህ?»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ትምህርት እስኪዘጋ ታገሺኝ። ለማንም አትንገሪ፣ ሉላዬ። ባጃጁን ካጣሁ ምንም ነኝ።»

እንቢም እሺም ሳትለው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የመኪና ጥሩንባ በሰማች ቁጥር በር ላይ ወጥታ ታያለች። ደንበኛ የሰጣትን ወረቀት ገልብጣ ኮፒ ታነሳለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት፣ እሱ ተማሪዎቹን ይዞ የሚያልፍበት መጋጠሚያ ላይ ሄዳ ቆመች። ከሩቅ አየችው። ከኋላው አራት ሕፃናት ቦርሳቸውን ታቅፈው ይሳሳቃሉ። ከግራ መንገድ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ብቅ አለ። ሮሪሳ አንገቱን አላዞረም፤ ፍጥነቱንም አልቀነሰም። ሲኖትራኩ ፍሬኑን ሲይዝ ጎማው ጮኸ። በሁለቱ መሀል የቀረው ክፍተት አንድ እርምጃ እንኳ አይሞላም። ሕፃናቱ አልገባቸውም፤ ሳቃቸውን ቀጠሉ።

ሉላ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ አጎቱ ወደ ጃለታ ጋራዥ ሄደችና ሁሉንም ነገረችው። ጃለታ የጥገና ሥራውን አቁሞ፣ ዘይት የነካ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ እየጠረገ ሰማት። የሷን ስም እንዳይጠራ አልለመነችውም። መደበቅ አልፈለገችም።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ሮሪሳ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። በሳልስቱም አልመጣም።

በ«ዙፋን ሁለት» ሁለት ሆነው የጀመሩት ጦርነት አንዱ ከሌለ አይንቀሳቀስም። በየቀኑ ትከፍተዋለች። ሠራዊቱ ሸለቆው ውስጥ ተሰልፎ፣ አባ ዝናብ ፈረሱ ላይ ሆኖ፣ ሁሉም ደንዝዞ ቆሟል። ከላይ «ሌላው ተጫዋች እየተጠበቀ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። አይታው ትዘጋዋለች። ልክ ሠርቻለሁ ትላለች፤ ደግሞ ወዲያው፣ ልክ ከሠራሁ ለምን እንዲህ ያቃጥለኛል ትላለች። ታሞ ይሆን? አገር ጥሎ ሄዶ ይሆን? ወይስ ከሌላ ሰው ባጃጅ ተቀብሎ አሁንም ይነዳል? የመጨረሻው ሐሳብ ከሁሉም የከፋው ነበር።

«ምን ሆነሻል?» አሏት አባቷ አንድ ቀን ሲዘጉ።

«ምንም፣ አባዬ።»

«ምንም እንዲህ አያከሳም» አሉና አልጨመሩም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሱቋን በእኩለ ቀን ዘግታ ኮዬ ፈጬ ሄደች። የሮሪሳን ቤት ጠይቃ አገኘችው። በሩን የከፈቱላት እናቱ፣ ወይዘሮ አደሴ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ለጃለታ የነገርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።» ሊያባርሯት እንደሚችሉ አስባ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ቢቆጡኝ እውነትዎን ነው።»

ወይዘሮ አደሴ በሩን ተደገፉ። «እኔ አባቱ ሲደናቀፍ አይቼ ዝም አልኩ» አሉ። «ክብሩ እንዳይነካ ብዬ። ዝም እንዳልኩ ጨለመበት። ግቢ፣ ልጄ።»

ሮሪሳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጢሙን አልተላጨም። ስታየው፣ በሕይወት ስላለ ብቻ፣ አምላኳን አመሰገነች።

«ሦስት ቀን ጠላሁሽ» አላት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደከመኝ።» ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «ጃለታ ሆስፒታል ወሰደኝ። እንደ ጎድጓዳ ሣህን ያለ ነገር ውስጥ አገጬን አስገብተው፣ መብራት ብልጭ ሲል ቁልፉን ተጫን አሉኝ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ መብራቱ ያለማቋረጥ ይበራ ነበር።»

ሉላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ግላኮማ ነው። የግራው አብዛኛው ሄዷል፤ ቀኙም ጀምሮታል። የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን አለኝ ሐኪሙ። ይቆያል አይቆይም ለማለት ግን ማንም አይደፍርም።» ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ለዚህ ነው ስልኬን የዘጋሁት። አንቺ ደህና ሰው አግቢ።»

«ደህና ሰው ማለት ምንድነው?»

«የሚያይ።»

«የሚያዩትን አይቻቸዋለሁ» አለች፤ ንዴቷ እንባዋን ቀደመው። «በየቀኑ ኮፒ ሊያስነሱ ይመጣሉ። ሃያ ሦስት ቀን የጠበቅኩት እነሱን አልነበረም። ካልፈለግከኝ አልፈልግሽም በለኝ፤ እሄዳለሁ። ለእኔ ብለህ አታባርረኝ።»

ከጓዳ ወይዘሮ አደሴ ዕቃ ማንኳኳታቸውን አቁመው እንደሚያዳምጡ ሁለቱም አወቁ።

«እፈልግሻለሁ» አለ ሮሪሳ፣ ጥፋቱን እንደሚናዘዝ ሰው ቀስ ብሎ።

በሳምንቱ ስምንት ሰዓት ላይ በእግሩ መጣ። ጃለታ ጋራዡ ውስጥ ሞተር መፍታትና መግጠም እያስለመደው ነው፤ ጥፍሩ ዙሪያ ጥቁር ዘይት ገብቷል። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ትንሽ አመነታ።

«ግራውን አንቺ ያዢልኝ» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ ግራዝማች ነሽ። ግራዝማች ሉላ።»

ሸለቆው ውስጥ የደነዘዘው ጦር ተንቀሳቀሰ። ውጊያው አስጨናቂ ነበር። ጠላት እንደ ልማዱ በግራ መጣ፤ ሉላ «በአርባ እርምጃ፣ አሁን በሃያ» እያለች ትነግረዋለች፤ እሱም ጠይቋት የማያውቀውን ይጠይቃታል። ሰዓቱን ረሱት። አባ ዝናብ ቆስሎ ሲወጣና ሸለቆው በእጃቸው ሲገባ፣ አቶ በዛብህ ከኋላቸው ቆመው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የልጃቸው እጅ በወጣቱ እጅ ውስጥ ነው።

ሮሪሳ ብድግ አለ። እጇን ግን ወዲያው አልለቀቀም።

«አባባ፣ ሮሪሳ እባላለሁ። ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። እሱ ከመሆኑ በፊት ግን አንድ ነገር ከእኔ ይስሙ። ዓይኔን ታምሜያለሁ። ባጃጅ እነዳ ነበር፤ አቁሜያለሁ። አሁን ጋራዥ ነው የምውለው። ሊብስ ይችላል። ሙሉ ሰው ነኝ ብዬ አልመጣሁም።»

የአቶ በዛብህ ፊት አልተነበበም። 

«ይህን ታውቃለች?» አሉ ወደ እሷ ሳያዩ።

«ከማንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት» አለ። «እኔ ለራሴ ስዋሽ እሷ ነገረችኝ። በእሷ ምክንያት አራት ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ዋሉ።»

አቶ በዛብህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ልጃቸውን አዩዋት። አንድም ቃል አልጠየቋትም፤ እሷም ዓይኗን አላሸሸችም። «ምንም» ያለችው፣ ያከሳት ነገር ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባቸው።

«ሽማግሌ ቅዳሜ አይምጣ፤ ገበያ ነው» አሉ። «እሑድ ይሁን።»

የተጋቡት ከፋሲካ በኋላ ነው። አሁን በየሦስት ወሩ አብረው ሆስፒታል ይሄዳሉ። ሉላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የምታሳልፈው ያ ግማሽ ሰዓት አይለመድም፤ ዛሬም ክፉ ክፉው ይታያታል። እሱ ከውስጥ ሲወጣ አይናገርም፤ ፊቱን ነው የምታነበው። ባለፈው ሰኔ ወጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ትከሻውን ትከሻዋ ላይ አስደገፈ።

«እንዳለ ነው» አላት።

ሉላ ለሦስት ወር የሚበቃ ትንፋሽ ሳበችና ተነሥታ ጃንጥላዋን አነሣች፤ ውጭ ዝናቡ ጀምሮ ነበር።