የጋለ ጫማ እና ሰባት ትውልድ

ማኦርን ውሸታም ማለት ስም ማጥፋት ነው። ማኦር እውነት ስታንስበት ትንሽ የሚጨምርላት ልጅ ነው፤ እናቱ ወጥ ሲቀጥንባት ሽሮ ጣል እንደምታደርገው። በሚኖርባት ከተማ በቂርያት ማላኪ ይህን የማያውቅ የለም። ፋብሪካ ውስጥ ፎርክሊፍት ነው የሚነዳው፤ ጓደኞቹ ግን ፎርክሊፍቱ ከሚያነሳው ሸክም የማኦር አፍ የሚያነሳው ይከብዳል ይላሉ።

ሮቴምን ያገኛት ያቭነ የምትባል ሌላ ከተማ ነው፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ባለችበት የክረምት ቀን። አንድ ሰውዬ ቤት ሊለቅ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ማኦር ለእናቱ የቤት ማሞቂያ ሊያይ ገባ። ማሞቂያውን ረሳው። አንዲት ልጅ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ባልዲ የሚያህል ነጭ ጫማ ውስጥ ከትታ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ጫማ ነው ወይስ ወጥመድ?» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ይስቃል።

«የስኪ ጫማ ነው፤ የበረዶ ላይ መንሸራተቻ። ቁጥሩ ልኬ ነው፤ ግን ይነክሳል።»

ማኦር ስለ ስኪ የሚያውቀው አንድ ቀን ስልኩ ላይ ያያትን አጭር ቪዲዮ ብቻ ነበር።

«የሚነክስሽ ውስጠኛው ነው» አላት። «የስፖንጁን ጫማ ከፕላስቲኩ ታወጪውና ምድጃ ውስጥ ታሞቂዋለሽ። ሲለሰልስ ታደርጊዋለሽ። እግርሽ ላይ እያለ ሲቀዘቅዝ የእግርሽን ቅርጽ ይይዛል።»

እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ማኦር አይሆንም።

«በረዷማው ሄርሞን ተራራ ላይ ከሚንሸራተተው ሰው ግማሹ በእኔ ምድጃ ያለፈ ነው።»

«አንተም ስኪ ትጫወታለህ?»

«ከዘሬ ነዋ! አያቴ ስሜን ተራራ ላይ የበሬ ቆዳ አንጥፎ ቁልቁል ቢለቀው ጎንደር ገበያ የደረሰው ሰው ሳይሰበሰብ ነው። ማቆሚያ አልነበረውም። የቆመው ጨው የጫነች አህያ ገጭቶ ነው።»

«አህያዋስ?»

«ተረፈች። ግን ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ሲነሳ ጆሮዋን ትደፍን ነበር።»

ሮቴም እስክትንፈራፈር ሳቀች። በሳቋ መሐል ጫማው ወለቀላት። ማኦር በዕድሜው ብዙ ሰው አስቋል፤ እንዲህ ያለ ሳቅ ግን ሰምቶ አያውቅም። ሌላ ውሸት ሊፈልግ ቢሞክር ራሱ ባዶ ሆነበት።

ጫማውን ገዝታ ሲመለሱ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሮቴም ገዴራ ውስጥ ለልጆች ጅምናስቲክ ታስተምራለች። ስኪ የተማረችው ወታደር ሳለች ነው፣ ሄርሞን ላይ። የፊታችን እሑድ እዚያው ሄርሞን ላይ ለሕፃናት የስኪ አስተማሪነት ልትፈተን ነው።

«በዚህ ጫማ ከሄድኩ ግን እያነከስኩ ነው የምመለሰው» አለችው። «ዐርብ መጥተህ ትሠራልኛለህ? አባቴም ቤት ይሆናል።»

«አባትሽ ከባድ ናቸው?»

«ለእንግዳ ማር ነው። ለወንድ እንግዳ ግን...» ትከሻዋን ሰበቀች።

«ምን ይወዳሉ?»

«ጀምበሬ የሚባሉ የድሮ ሰው ወሬ። የወለቃው ጀምበሬ። ስማቸው ከተነሳ አባቴ ይለሰልሳል።»

ማኦር ጀምበሬ ማን እንደሆኑ ሊጠይቃት ሲል አውቶቡሱ ገዴራ ቆመ። ሮቴም ጫማዋን አቅፋ ወረደችና ከታች በመስኮቱ አየችው። እጇን አላነሳችም፤ ዝም ብላ አየችው። ያ እይታዋ እስከ ቂርያት ማላኪ ድረስ ደረቱ ላይ ተቀምጦ አብሮት ሄደ።

ዐርብ እስኪደርስ በስልክ ተጻጻፉ። ጠዋት እሷ፣ ምሳ ላይ እሱ፣ ከዚያ ማን እንደጀመረ እስኪጠፋ ድረስ። ማኦር አንዴ «ናፍቀሽኛል» ብሎ ጻፈና አጠፋው። በምትኩ የፋብሪካው ድመት ዕብራይስጥ መናገር ጀመረች ብሎ ላከላት።

ዐርብ ቀትር ላይ ገዴራ ደረሰ። የሮቴም እናት አሽዶድ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደዋል፤ የሰንበቱን ዳቦ አደራ የተቀበሉት አባቷ ጋሼ ያለው ናቸው። በር ሲከፍቱ ክንዳቸው እስከ ክርን ሊጥ ነበር።

«ጫማ ከሰንበት ዳቦ ቀድሞ ምድጃ ሲገባ በዕድሜዬ ገና ማየቴ ነው!» አሉ።

«ስፖንጅ ነው አባ፤ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ ምድጃውን አያረክስም» አለች ሮቴም።

«ዝም በይ! ሽታው ዳቦዬ ውስጥ ከገባ እናትሽ ከአሽዶድ በእግሯ ነው የምትመጣው።»

ማኦር ምድጃውን ለዘብ ባለ ሙቀት ለኮሰ። ውስጠኞቹን ጫማዎች እሳቱም ግድግዳውም እንዳይነካቸው ወፍራም ካርቶን ላይ አቆማቸው። ከውጭ ሲያዩት ፊቱ የሐኪም ፊት ነው። በየደቂቃው ግን በምድጃው መስታወት ያጮልቃል። ቢቀልጥስ? የእሑዱ ፈተና ሄደ ማለት ነው። እሑድ ከሄደ ሮቴምም ሄደች።

አልቀለጠም። እንደ ጥሩ ሊጥ ነፋ ብሎ ለሰለሰ። የእግሯ ጣቶች መፈናፈኛ እንዲያገኙ ከአሮጌ ካልሲ የቆረጠውን ጫፍ ጣቶቿ ላይ አለበሳት፤ ከዚያ ቀጭን ካልሲ፤ ከዚያ የጋለው ጫማ፤ ከዚያ የፕላስቲኩ ቅርፊት። ተንበርክኮ መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ ዘጋ። ቀና ሲል ከላይ ወደ ታች እያየችው ነበር።

«ይሞቃል?» አላት።

«በጣም።»

«እስኪቀዘቅዝ እንዳትነቃነቂ። ከተነቃነቅሽ ሽብሽቡ እንደያዘ ይቀራል።»

«ቤሰደር፣ እሺ። ዛፍ ነኝ።»

ጋሼ ያለው ሊጣቸውን እየደፈጠጡ ድንገት ጠየቁ። «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ማኦር አንድ ትንፋሽ አላሰበም።

«የወለቃው ጀምበሬ ቅድመ አያቴ ናቸው።»

ሊጥ የሚደፈጥጠው እጅ ቆመ።

«የማ?»

«የጀምበሬ።»

ጋሼ ያለው ባለ ሊጥ ክንዳቸውን ዘርግተው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙበት። ጉንጩን ሳሙት፣ ትከሻውን ሳሙት፣ እንደገና ጉንጩን ሳሙት። እንባቸው ዱቄቱን እያጠበ ወረደ።

«የአባቴ አባት ናቸው እኮ! የኔ አያት! ጠፋ የተባለው ዘር እግዚአብሔር ቤቴ ድረስ አመጣልኝ! ሮቴም፣ ወንድምሽ ነው! ነይ ሳሚው!»

ሮቴም አልተነቃነቀችም። ጫማው ብቻ አልነበረም የያዛት።

ከጎንደር በመጡት በእነዚህ አይሁድ ቤቶች ውስጥ ልጅ የሚዳረው ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ነው። ከሰባት ወዲህ በአንድ አያት የተገናኙ ወንድምና እህት ናቸው፤ አለቀ። ጅምናስቲክ የምታስተምር፣ በጦር ሠራዊት ጥይት የተኮሰች ልጅም ብትሆን ይህን አጥር አትዘልለውም። መዝለልም አትፈልግም።

«ጋሼ፣ ዋሽቼ ነው» አለ ማኦር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አሁን ደግሞ ዘሩን ይክዳል! ምን አሳፈረህ?»

«እውነቴን ነው፤ ጀምበሬን አላውቃቸውም!»

«እኔስ መቼ አየኋቸው? ሳልወለድ ነው የሞቱት!»

«ላስደስትዎ ብዬ ነው!»

«አስደሰትከኝ እኮ!» ብለው እንደገና አቀፉት።

ማኦር በዕድሜው ሰው የማያምነውን ነገር ሁሉ አሳምኖ ያውቃል። ዛሬ አንዲት እውነት ይዞ የሚገዛው ጠፋ።

«ማኦር» አለች ሮቴም። «እናትህ ጋ ደውል። አሁኑኑ። ያላ!»

የእናቱ የውብዳር ድምፅ ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ማኦር «እናቴ ውብዳር ናት» ብሎ ድምፁን ለሁሉም ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እሜት ውብዳር፣ እንደምን ዋሉ!» አሉ ጋሼ ያለው። «ዘመድ ነን! የጀምበሬ ዘር ነን!»

«ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«ልጅዎ!»

«ልጄ! ልጄማ ለፋብሪካው አለቃ አባቴ ዝሆን ያረባ ነበር ብሎታል። ነፍሱን ይማረውና አባቱ ሦስት ፍየል ነበረው፤ አንዷም ዕውር።»

ጋሼ ያለው ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው ይቁጠሩልኝ። በአባቱም በእናቱም።»

ውብዳር ቆጠሩ። ሲቆጥሩ የሚያዳምጥ ሰው ጤፍ ሲነፉ የሰማ ይመስለዋል፤ ስም ላይ ስም፣ አገር ላይ አገር። ጋሼ ያለው በሊጣም ጣታቸው እያንዳንዱን ከራሳቸውም ከሚስታቸውም ዘር ጋር ያስተያያሉ። በአባቱ በኩል ነጻ ወጣ። በእናቱ በኩል አምስተኛው ላይ ደረሱ።

«ቀጥላ ውባንቺ። ከወገራ የመጣችው።»

የጋሼ ያለው ጣት አየር ላይ ቀረ። «እኛም ከወገራ የመጣች ውባንቺ አለችን። አምስተኛዋ ላይ።»

ማኦር ሮቴምን አያት። እጇን ወደ እሱ ዘርግታ ነበር፤ አይደርስም፤ ጫማው ይዟታል፣ መካከላቸው ሁለት እርምጃ ነው። እሱም ሊሄድላት አልደፈረም። እህቱ ከሆነች እጇን እንዴት ይይዛል? ካልያዛትስ እንዴት ይኖራል?

«የናንተዋ የማን ልጅ ናት?» አሉ ውብዳር።

«የአንጥረኛው የይስሐቅ።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«የእኛዋ የሸማኔው የሐብቴ ናት። እናቷም ከጸገዴ ናት።»

«የእኛዋ እናት የደምቢያ ሰው ናት። ደምቢያ ሌላ፣ ጸገዴ ሌላ።» ጋሼ ያለው የቀሩትን ሁለቱን ጨረሱና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉ። «አይገናኝም። በየትም አይገናኝም።»

ያገኙትን ሰው መልሰው እንደቀበሩ ሁሉ ፊታቸው ወደቀ። ማኦር ግን ከመሬት ሊነሳ ምንም አልቀረውም።

«ታዲያ» አሉ ጋሼ ያለው ቀና ብለው፣ «ዘመድ ካልሆንክ እኔ ቤት ምን ልትሆን መጣህ?»

ሺህ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰለፈ፤ አንዱ ከአንዱ ያማረ። ማኦር ሁሉንም ዋጣቸው።

«ሮቴምን ወድጃት ነው።»

ሌላ አልጨመረም።

«ማኦር» አለች ሮቴም። «ቀዘቀዘ?»

«ምኑ?»

«ጫማው ነዋ!»

ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ነካው። «ቀዝቅዟል።»

«እንግዲያው መነቃነቅ እችላለሁ» አለችና ተነሳች። ዷ! ዷ! የወለሉ ሸክላ ተንቀጠቀጠ፤ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ሁለት እርምጃ ነበር፤ ደርሳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ይነክሳል?» አለ ማኦር ጆሮዋ ሥር።

«ዝም በል» አለችው፤ አልለቀቀችውም።

ጋሼ ያለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አሎ?» አሉ ውብዳር ከጠረጴዛው ላይ። «አሎ! ምን ሆናችሁ? ምንድን ነው የሚንጓጓው? አሁን ደግሞ ለምን ዝም አላችሁ?»

ጋሼ ያለው እጃቸውን በፎጣ ጠርገው ስልኩን አነሱ።

«እሜት ውብዳር፣ ታክሲ ይያዙና ሰንበት ሳይገባ ገዴራ ይድረሱ» አሉ። «ይህ ከእንግዲህ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም።»