ጀርባቸውን የሰጡት አዘጋጅ

የኔሰው በትያትር ልምምዱ ክፍል አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ በጫማው ተረከዝ ወለሉን ረገጠ። አንዴ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደገና። አንድ ሽማግሌ አባት ልጁን ሊሸኝ ወደ በር ሲያዘግም ልክ እንደዚያ ነው የሚሰማው።

«እንዲህ ነው» አሉ ጋሽ ያየህ። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «አሁን እግርህ አረጀ።»

ብሩክታይት ሳቋን በእጇ አፈነች። ትርሲት አልሳቀችም። እሷም ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ የኬሚስትሪ ወረቀት ዘርግታ፣ በትያትሩ አባቷን የምትሰናበተውን ልጅ ንግግር በቃሏ ታነበንባለች።

ጋሽ ያየህ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ትያትር ሲያዘጋጁ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው ቢቸና ተመልሰው የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብ የያዙ ሰው ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው። ትያትሩ ሊታይ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ለተዋንያኑ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። «ፊታችሁን ካየሁ አዝንላችኋለሁ፤ ስሰማችሁ ግን አልምራችሁም» ይላሉ።

መጀመሪያ የተቀመጠችው ብሩክታይት ናት። ከማጠናከሪያ ትምህርት በኋላ እግሯ ዝሎ ነበር። ጋሽ ያየህ አላወቁባትም። በማግስቱ የኔሰው በጫማ መርገጥን ፈለሰፈ፤ ከዚያ ወዲህ የቆመ የለም። የመጨረሻውን ክፍል ጭራሽ ተራምደውት አያውቁም።

የጋሽ ያየህ ስልክ ጠራ። ነገ ትያትሩን ሊያሳዩ ወደ ሞጣ ከተማ ከሚወስዳቸው ሾፌር ጋር ጮክ ብለው ማውራት ሲጀምሩ ትርሲት ወደ የኔሰው ጠጋ አለች።

«ነገ ምን ልንሆን ነው?»

«እንራመዳለና። እግር አለን አይደል? አታካብጂ።»

«በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አታውቅም።»

«ሕዝቡ ሲወጣ ተከትዬ እወጣለሁ።»

ብሩክታይት የትርሲትን ክንድ ያዘች። «ዝም በይ በናትሽ። እንደገና ካሉን እዚሁ ማደራችን ነው።»

ጋሽ ያየህ ስልኩን ዘጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የዛለ ነበር። «የመጀመሪያ ትያትሬን ያዘጋጀሁት ሞጣ ነው፤ ወጣት አስተማሪ ሆኜ። ከዚያ በኋላ ትልልቅ መድረክ ላይ ሠራሁ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ተሸለምኩ። አሁን ደክሞኛል፤ የነገው የመጨረሻዬ ነው። ግን እውነቴን ነው፣ እንደዛሬው ያማረ እርምጃ ሰምቼ አላውቅም። በቃ፣ ሂዱና ዕረፉ።»

የኔሰው ቦርሳውን አነሳ። ትርሲት አልተነሳችም። ዝም ብላ ብትወጣ እኚህ ሰው ዛሬ ደስ ብሏቸው ይተኛሉ። ነገ ግን፣ በሞጣ ሰው ፊት፣ በሥራቸው ማብቂያ ላይ ያፍራሉ።

«ጋሼ፣ አንዴ ዞር ይበሉ።»

«አንቺ» አለ የኔሰው ጥርሱን ነክሶ።

ጋሽ ያየህ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ዞሩ። አግዳሚውን አዩ። የዛሬው ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ራሳቸው ወለሉ ላይ በጠመኔ የሳሉትን በር አዩ፤ አንድም ጫማ ሳይነካው ነጭ እንደሆነ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል» አለች ትርሲት።

«ደክሟችሁ ነው?»

«አዎ።»

«እኔም» አሉ። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ትርሲት ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የጫማዋን ክር አጥብቃ አሰረች።

«ከስንብቱ እጀምራለሁ» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅም ወደ ጠመኔው መስመር ሄደች።