አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት

የጋሹን አስከሬን ጠዋት ከድልድዩ በታች ያገኙት ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ሰዎች ናቸው። ጋሹ የወንዙን ከፍታ ጠዋትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር በቆመው ምሰሶ ላይ ከተመቱት ባለ ሜትር ሰሌዳዎች እያነበበ በመዝገብ የሚጽፍ፣ ውሃው ሲያይል ቆላ ላሉት መንደሮች የሚደውል ሰው ነበር። ኢንስፔክተር በለጥሻቸው ከመካነ ሰላም ሲደርሱ የሚያለቅስ አላገኙም። ባለቤቱ የሻለም እንኳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንግዳ ታስቀምጣለች። አምና ደራሽ ውሃ አሥራ አንድ ሰው ከወሰደ ወዲህ የመንደሩ እንባ አልቋል።

«ማታ ሲያነብ አዳልጦት ነው» አለ ጋሹ በማይኖርበት ጊዜ የሚተካው፣ ስማቸው የሚባል ሰው። «መዝገቡን ዛሬ ጠዋት ወንዙ ዳር ወድቆ አገኘሁት። የትናንት ማታውን የአሥራ ሁለት ሰዓት ጽፏል፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት። እኔ ያኔ ጽዋ ማኅበር ላይ ነበርኩ።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ዳሰሱት። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፤ ወረቀቱ ግን ደረቅ ነው።

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከሱፍያን» አለች የሻለም። «ከጅዳ ተመልሶ ሽንኩርት ይተክላል። ጋሹ የውሃ ሞተርህን ከሰሌዳው አርቅ ብሎት ነው። ደግሞ ዛሬ መዝገቡን ይዤ ወረዳ እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ከሰው መሃል የቆመው ሱፍያን ስልኩን አወጣ። «ወላሂ፣ እኔም ትናንት ሞተሬን ጎርፍ ወስዶብኛል። ጅዳ ላለችው እህቴ ልልክላት ቀርጬዋለሁ፤ ይዩት።»

ኢንስፔክተሯ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ ወንዙ ድረስ ወርደው የመለኪያውን ምሰሶ ተመለከቱ፤ ቆመውም የመዝገቡን የአምና ገጾች ገለጡ።

ከሰዓት ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ሰበሰቧቸው። ከስማቸው አጠገብ እናቷን አምና ውሃው የወሰደባት ልጁ ፍቅርአዲስ ተቀምጣለች።

«ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ያለውን ሰሌዳ ጎርፉ ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ሲነቅለው በሱፍያን ስልክ ላይ ይታያል» አሉ ኢንስፔክተሯ። «በአሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለትን ማንም ሊያነብ አይችልም። የጻፈው ወንዙን ያላየ ሰው ነው። መዝገቡም ያደረው ቤት ውስጥ ነው። ጋሹ እስከ አሥራ ሁለት በሕይወት ነበር መባሉ የሚጠቅመው፣ ያን ሰዓት ሰው መሃል የነበረን ነው። ወንዝ ዳር አገኘሁት ብለው መዝገቡን የሰጡኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ስማቸው።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«አምና ጋሹ አቀስታ ለቅሶ ሲሄድ የተኩት እርስዎ ነበሩ። ሦስት ቀን ሙሉ የተጻፈው ያው አንድ ቁጥር ነው፤ ውሃው በመጣበት ምሽት ጭምር። ጋሹ ዘንድሮ ደርሶበት በእርሳስ ከቦታል። አምና ወንዙ ሳይወርዱ ጻፉ፤ ትናንትም ያው ልማድ አጋለጠዎት።»

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አለ ስማቸው። «አንድ ቀን ዘነበና ቀረሁ፤ ከዚያ ለመደብኝ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ለመንኩት። እስሩን አልፈራሁም፤ ልጄ እንዳትሰማ ብቻ አልኩት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት። መዝገቡን ወስጄ የማታውን ጻፍኩ፤ የአምናውን መግለጥ ግን አልደፈርኩም።»

ፍቅርአዲስ አላለቀሰችም።

«እማዬ ያን ቀን ከገበያ ስትመለስ ደውላልህ ነበር፤ ልሻገር ወይ ብላ» አለች። «አጠገብህ ነበርኩ። ‹ወንዙ ደህና ነው፣ አሁን አይቼው መጣሁ› አልካት።»

ስማቸው እጁን ለካቴናው ሲዘረጋ ቀና ብሎ አላያትም።