ከጭሱ በፊት የተሰማው ድምፅ

መሸሻ በደረቱ እንደተደፋ ሞቷል። ጀርባው ከስሏል፤ ከሥሩ ያለው ሣር ግን አልተነካም። ኢንስፔክተር ሀያቱ ጎንበስ ብላ ማጅራቱን አየች። በድንጋይ ተመትቷል፤ ደሙም ካልነደደው ሣር ውስጥ ሰርጓል።

የቀራንዮ ሰዎች በየበጋው በባሕር ዛፉ ጫካና በቤቶቹ መካከል ያለውን ደረቅ ሣር ራሳቸው ያቃጥላሉ፤ ጫካው ቢነድ እሳቱ እንዳይሻገርባቸው። አቃጣዩ ሁንዴ ነው። ሣሩ ዙሪያ እሳቱን ሊጠብቁ የቆሙትን ሁሉ በስም ጠርቶ መልስ ካልሰማ ክብሪት አይጭርም። አሁን ካቴና ገብቶለት ፒካፑ ላይ ተቀምጧል። ፖሊስ እስኪደርስ ደግሞ ሰፈርተኛው አልሰነፈም፤ ቀኝ እጁን ሰብሮታል።

«መሸሻን ስጠራው ‹አለሁ!› አለኝ» አለ ሁንዴ። «ከዚያ ነው የለኮስኩት።»

ሀያቱ ሌሎቹን አንድ በአንድ ለብቻ አነጋገረች። የሟች ሚስት የኔነሽ ከላይ በኩል የውሃ ጀሪካን ይዛ ነበር።

«ሰምቻለሁ፤ ከታች መለሰ።»

ጋሽ ፍቅረማርያም ከታች፣ መንገዱ ዳር ነበሩ።

«ከላይ ሲመልስ ሰማሁ፣ ልጄ።»

«ጠላት ነበረው?»

«የጫካ ጥበቃ ማን ይወደዋል? ወንድሙ ጌድዮን እንኳ ጫካው ውስጥ የሠራውን ቤት ‹አፍርስ› ቢለው ተኳርፈዋል።»

ጌድዮን መሃል ላይ ነበር። እያለቀሰ ጮኸ፦ «ማንም አልመለሰም! ሳይሰማ ለኮሰበት! ይሰቀልልኝ!»

ሀያቱ ሁሉንም አመዱ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ደሙ የፈሰሰው ከእሳቱ በፊት ነው» አለች። «ሁንዴ ሲጠራው መሸሻ ራሱን ስቶ ወድቋል። የመለሰው ድምፁ የሱን የሚመስል ሌላ ሰው ነው። ከላይ ያለችው ከታች ሰማች፤ ከታች ያሉት ከላይ ሰሙ። ድምፁ ከመሃል ነው። መሃል የነበርከው አንተ ብቻ ነህ፣ ጌድዮን፤ አልሰማሁም ያልከውም አንተ ብቻ።»

«እኔ...»

«ሁንዴ መልስ ሳይሰማ እንደማይለኩስ ስለምታውቅ መለስክ። እሱን ለማሰቀል ደግሞ መልሱን ካድክ። መግደሉ አልበቃህም።»

ጌድዮን ፊቱን ከየኔነሽ አዞረ። «ልጆቼን ሜዳ ላይ ሊበትንብኝ ነበር! ደግሞ እሳቱ ሲደርስ ሞቶ ነበር።»

«አልሞተም ነበር። አፍንጫው ጥላሸት ሞልቶታል። እየተነፈሰ ነው የነደደው።»

ይህን የኔነሽ ባትሰማው ይሻል ነበር። ሀያቱ ግን አፏን ሰብሰብ ማድረግ አልፈጠረባትም። ሴትዮዋ አመዱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ ማንም አላነሳትም።

ካቴናው ከሁንዴ ወልቆ ለጌድዮን ገባ። ቅድም «ገዳይ!» ብለው መጀመሪያ የጮኹት ጋሽ ፍቅረማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተሳሳትን እንግዲህ። በል ሁንዴ፣ ነፋሱ ሳይነሳ የቀረውን ጨርስልን።»

ሁንዴ ያበጠውን እጁን ከፊታቸው አቀረበላቸው።

«በየትኛው እጄ፣ ጋሼ?»

መልስ አልጠበቀም፤ ቁልቁል ወደ ታክሲው መንገድ ወረደ። ያልተቃጠለው ሣር እስከ የኔነሽ አጥር ድረስ ቆሟል።